ጥሬውን ያጠፋችው

በጋዜጣው ቤት «መንዛሪዋ» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የበሩ ጥበቃ ነው። አንድ ቀን ምን እንደምትሠራ ጠየቃት። ካሜራ የሚሰጠውን የፎቶ ፋይል ማንኛውም ኮምፒውተር ወደሚያነበው ዓይነት እንደምትቀይር ነገረችው። ሰውዬው ትንሽ አሰብ አደረገና «እንግዲያው ድፍኑን ተቀብለሽ ዝርዝር የምትሰጪ መንዛሪ ነሽ በይኛ» አላት። ቀልዱ ከበሩ ተነስቶ ዋና አዘጋጁ ቢሮ ድረስ ዘለቀ። እሷም ቅር አላላትም፤ ሥራዋን በአንድ ቃል የተረዳላት ሰው ከዚያ በፊት አልገጠማትም ነበር።

የፎቶ ማኅደር ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ከግድግዳው ወዲያ የውሃ መግፊያ ሞተር ስላለ፣ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ጠረጴዛዋ ላይ ያለው እስክሪብቶ እየተንከባለለ ይወርዳል። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ነው፤ ከውጭ የሚታያት የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነበር። እዚያ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ፋይል ትከፍታለች። እያንዳንዱ የካሜራ ፋብሪካ የራሱ ዓይነት ፋይል አለው፤ አንዱ የሌላውን አያነብም። አንዳንዱን የሚከፍተው አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ እሱም ተለምኖ ነው የሚነሳው። ትከፍታለች፣ ቀለሙን ታስተካክላለች፣ ትለውጣለች፣ ሥዕሉ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ትጽፋለች፣ ታስቀምጣለች። ከላይ ፎቅ ያሉት ጋዜጠኞች ፎቶ ሲፈልጉ ይደውሉላታል፤ ሲያገኙ ስልኩን ይዘጋሉ።

ሥራውን ያስገኘላት አባቷ ነው። አባቷ በዚያው ጋዜጣ ፎቶ ሲያነሳ አርጅቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። መጀመሪያ ቀን ደረጃው ላይ አቁሞ፣ ያስገቧት እሱን አይተው መሆኑን ነገራትና «የታዘዝሽውን ሥሪ፤ አፍሽንም ሰብሰብ አድርጊ» አላት። እሷም እሺ አለች። እሺ ማለት አይከብዳትም ነበር።

ሙያውንም ያስተማራት እሱ ነው። ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይመርጥ አፍሶ የያዘውን ፋይል «ጥሬው» ይለዋል፤ ግዙፍ ነው፣ ቦታ ይፈጃል። ጋዜጣው ላይ የሚወጣውን፣ ጄፔግ የሚባለውን ትንሹን ፋይል ደግሞ «ብስሉ» ይለዋል። ሲለወጥ፣ ዓይን አያስፈልገውም የተባለው ሁሉ እየተጣለ ነው የሚያንሰው። «ጥሬው በእጅሽ ካለ በፈለግሽ ጊዜ ታበስያለሽ» ይላት ነበር፤ «ብስሉ ብቻ ከቀረሽ ግን ወደ ጥሬ የሚመልስልሽ የለም።»

አባቷ ካነሳቸው ሁሉ ሰው የሚያውቀው አንድ ፎቶ ነው። ወንዙ ሞልቶ ሰፈሩን የወሰደ ዕለት ያነሳው ነው። አንዲት ሴት ጣሪያ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ በገመድ የታሰረ ሕፃን ወደ ማዶ ታሻግራለች። ገመዱ ውሃውን ተሻግሮ ማዶ ያለ ሱቅ ክዳን ሥር ይገባል። ከዚያ ወዲያ ጥላ ነው፤ በጋዜጣው ላይ ጥቁር ሆኖ ነው የወጣው። ጥላው ውስጥ ግን ሰው ነበር። የገመዱን ጫፍ የያዘው የጋዜጣው ሾፌር ነው፤ የአባቷ የሥራ ጓደኛ፣ ለስንት ዓመት በአንድ መኪና አብረው የዞሩ። ሕፃኑ ተሻገረ። ጥቂት ቆይቶ ሾፌሩ የተደገፈው ግድግዳ ተናደና ውሃው ይዞት ሄደ።

አባቷ ስለዚያ ቀን ብዙ አያወራም። አንድ ጊዜ ብቻ ጥሬውን ፋይል ከፍቶ፣ ጥላው እንዴት እንደሚነሳ አሳያት። ጥቁሩን ገለጥ፣ ገለጥ ሲያደርገው የሾፌሩ ፊት ወጣ። ጥርሱን ነክሷል፤ እጅጌው እስከ ክንዱ ተጠቅልሏል፤ ገመዱ መዳፉ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሯል። አባቷ «ገመዱን ሁለት ሆነን ብንይዘው ኖሮ» አለ፤ አልጨረሰውም። ለሾፌሩ ሚስት፣ ባሏ የሚታይበትን ፎቶ በትልቁ አትሞ ሊሰጣት ቃል ገብቶላት ነበር። ግን ፋይሉን ዳግም ለመክፈት እጁ እንቢ አለው። ዛሬ ነገ ሲል ጡረታ ወጣ፤ ቀጥሎም ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋረዳቸው።

አዲሱ የቴክኒክ ኃላፊ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ «አባባ እንዴት ናቸው?» ሳይል የማያልፍ ጨዋ ሰው ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ምድር ቤት ወረደ። መንዛሪዋ ብቻዋን አልነበረችም። ገጽ የምታቀናብረው ጓደኛዋ አብራት ምሳ እየበላች ነበር። ይህችን ጓደኛዋን ቤቱ ሁሉ «ሳቂታዋ» ይላታል፤ ሐዘን ቤት ገብታም ብትሆን ከንፈሯ አይገጥምም።

ኃላፊው ፋይሉ ሁሉ የሚከማችበት ሰርቨር ጢም ብሎ እንደሞላ፣ ወደ ማተሚያ ቤት የሚላኩ ገጾች መንገድ ላይ እየቀሩ እንደሆነ አስረዳ። ከዚያ ቀለል አድርጎ፣ «ጥሬዎቹን በሙሉ ወደ ጄፔግ ለውጪያቸው። ለስክሪን የሚበቃ ይሁን፣ ትልቅ አታድርጊው። ከዚያ ጥሬውን አጥፊ» አለ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። የድርጅቱ ዋና ቢሮ ቅጂ አለን፤ እዚህ ያለው ትርፍ ነው።»

«እንግዲያው በጽሑፍ ቢሆንልኝ።»

«አንቺ ደግሞ! ፍርድ ቤት ልንሄድ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሳቂታዋም ዳቦዋን እንደያዘች አብራው ሳቀች። መንዛሪዋን በሁለቱ ሳቅ መሃል ገብቶ መከራከር አሳፈራት።

ቢሆንም ዝም ብላ አልተነሳችበትም። ዋናው ቢሮ ደወለች፤ ስልኩን ያነሳው ሰው «አዎ፣ እየተገለበጠ ነው» አላት። የአባቷን ፋይሎች ብቻ በራሷ ዲስክ ገልብጣ ቤቷ እንድታስቀምጥ ኃላፊውን ጠየቀች። የድርጅት ንብረት ከግቢ አይወጣም አላት፤ በትህትና ነው ያላት። በድብቅ መውሰድ ትችል ነበር። ጥበቃው ቦርሳዋን ፈትሾ አያውቅም። ግን በሕይወቷ ሙሉ የሰው መርፌ አንስታ የማታውቅ ሴት ነበረችና አላደረገችውም።

ሥራው ክረምቱን በሙሉ ፈጀ። ትለውጣለች፣ ታጠፋለች። ኮምፒውተሩ በእርግጥ ማጥፋት ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቃታል፤ አዎ ትለዋለች። የጎርፉን ፎቶ እስከ መጨረሻው ድረስ እያለፈችው ቆየች። ሌላ ሲያልቅ ከፈተችው። እንደተማረችው ጥላውን ገለጥ አደረገችና ሾፌሩን አየችው። ከዚያ ወደ ነበረበት መለሰችው፣ ለወጠችው፣ አጠፋችው። ቅጂው ዋናው ቢሮ አለ ብላ ራሷን አጽናናች።

ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ። ጋዜጣው የተመሠረተበትን ዓመት ሊያከብር ሲዘጋጅ፣ ያረጁ ፎቶዎች በትልልቁ ታትመው በጋዜጣው ቤት አዳራሽ ውስጥ እንዲሰቀሉ ተወሰነ። አታሚዎቹ ትልቁን ፋይል ጠየቁ። ዋናው ቢሮ ሲፈለግ ግልበጣው መሃል ላይ ቆሞ ኖሯል፤ ዲስኩ ሞልቶ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የአባቷ ሥራ አንድም አልተገኘም። የሌሎችም እንደዚያው።

ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። የቴክኒክ ኃላፊው ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ካደ። «ለውጪ ብያለሁ፤ አጥፊ አላልኩም። የአባቷን ሥራ የማክበር ግዴታ ከማንም በላይ የእሷ አልነበረም?» አለ። ይህን ሲል እንኳ ድምፁ አልጨመረም። መንዛሪዋ ያለውን ሁሉ እንደነበረ ተናገረች። የሰማ ሰው አለ ወይ ስትባል ሳቂታዋን ጠራች።

ሳቂታዋ ገብታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የዚያን ዕለት አልሳቀችም።

«ምሳ እየበላሁ ነበር» አለች። «ስለ ሥራ ሲያወሩ ጆሮዬን አልሰጠሁም። አላስታውስም።»

መንዛሪዋ አየቻት። ሳቂታዋ ግን የምታየው መስኮቱን ነበር። ኮሚቴው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መታ፤ ኃላፊው «ክትትል እንዲያጠናክር» ተመከረ፣ እሷ ከሥራ ተሰናበተች። ምድር ቤት ወርዳ ዕቃዋን ስትሰበስብ ሞተሩ ተነስቶ እስክሪብቶው ወደቀ። አላነሳችውም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ከአባቷ በስተቀር ያልሰማ ሰው አልነበረም። ለእሱ የምድር ቤቱ እርጥበት ደረቷን ስላመማት ሥራውን እንደተወች ነገረችው። አባቷ ከእሷ ጋር ነው የሚኖረው፤ በዚያን ጊዜ ብርሃንና ጥላን ከመለየት በቀር ብዙ አያይም ነበር። «ደግ አደረግሽ፣ ጤና ይበልጣል» አላት። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

የክብረ በዓሉ ጥሪ ግን ቤት ድረስ መጣ፤ የክብር እንግዳ ነው ተብሎ። አልሄድም ይላል ብላ ስትጠብቅ ኮቱን አውጪልኝ አላት። ክንዱን ይዛ ወሰደችው። በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ ስም ያወጣላት ሰውዬ ነው፤ ለአባቷ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ እሷን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ። አዳራሹ ውስጥ የጎርፉ ፎቶ ከፊት ለፊት ካለው ግድግዳ አጋማሹን ይዞ ተሰቅሏል። ያንኑ ትንሹን ብስል ለጥጠው ነው ያተሙት። የሴትዮዋ ፊት እንደ ወለል ንጣፍ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን ሆኗል። የገመዱ ጠርዝ ተሸራርፏል፤ ጫፉ ጥፍጥፍ ያለ ጥቁር ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

አባቷ አፍንጫው ሸራውን እስኪነካ ድረስ ተጠጋ። እጁን ክዳኑ ሥር፣ ጥቁሩ ላይ አሳረፈ።

«ሾፌሩ አለ?» አላት በሹክሹክታ።

«አለ፣ አባዬ።»

«በደንብ ይታያል?»

«ይታያል።»

«እኔስ ጥቁር ብቻ ነው የሚታየኝ። ይኼ ዓይን…» አለና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሰዉ አዞረ፤ አጨበጨቡለት። የቴክኒክ ኃላፊው ቀርቦ እጁን በሁለት እጁ ያዘው። መንዛሪዋ አጠገባቸው ቆማ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ከዓይን ሕክምናው ክፍል ተደወለ፤ የአባቷ ወረፋ ደርሷል። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ማድቤት ገብታ ቆመች። ብትተወውስ የሚል ሐሳብ መጣባት። ስልኩን የሰማ ሰው የለም፤ ወረፋው ያልፋል፤ አባቷ የፎቶውን መጥፋት ሳያውቅ በዚያው በሰላም ይኖራል። ሐሳቡ በውስጧ ማለፉ ራሱ አስደነገጣትና በጠዋት ልብሱን አልብሳ ወሰደችው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የዓይኑ ሽፋን ሲነሳለት መጀመሪያ ያየው እሷን ነው። «ውይ ልጄ፣ ሸብተሻል እኮ» አላት፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት በቤታቸው የደስታ ሳምንት ነበር። የሳሙና መጠቅለያ ላይ ያለውን ሳይቀር ያነባል። የሰፈሩን የሱቅ ጽሑፍ ፊደሉ ተሳስቷል እያለ ይተቻል፤ ባለ ሱቁን አንድ ሁለቴ አስኮርፎታል። ፎቶው ገና እንደተሰቀለ ነበርና ወደ አዳራሹ ውሰጂኝ ሲላት ግን ዛሬ ደከመኝ፣ ነገ ዝግ ነው ትለዋለች። መጨረሻ ላይ ምክንያቷ ሲበዛበት ከዘራውን ትቶ ብቻውን ወጣ።

ሲመለስ ልብስ እያጠበች ነበር። ኮቱን ሳያወልቅ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«ጥሬው የት ነው?» አላት።

እጇን ከውሃው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች፤ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። ሰርቨሩን፣ ትዕዛዙን፣ ዋናውን ቢሮ፣ ኮሚቴውን። ለካ እሱ ከአዳራሹ ወደ ቢሮዎቹ አልፎ ኃላፊውን አነጋግሮ ኖሯል። ኃላፊው ሻይ አዞለት፣ ወንበር ስቦለት፣ ስምዎን ላለማጉደፍ ብለን ነው ነገሩን በዝምታ ያሳለፍነው ብሎታል።

«እሱ አላዘዝኩም ይላል» አላት።

«አንተ ማንን ታምናለህ?»

አባቷ አዲስ በተገለጡት ዓይኖቹ ትክ ብሎ አያት። «አዳራሹ ውስጥ፣ ሾፌሩ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ። አለ አልሽኝ። ይታያል አልሽኝ። ከእንግዲህ የምትነግሪኝን በምን ልለካው?»

በሕይወቷ አንድ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገችበት። «የታዘዝሽውን ሥሪ፣ አፍሽን ሰብስቢ ያልከኝ አንተ ነህ!»

«ብያለሁ» አለ። ተነስቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

በማግስቱ ወደ ሾፌሩ ሚስት ቤት ሄደ። ልከተልህ ስትለው አሁን መንገዱ ይታየኛል አላት። ምን እንደተባባሉ አልነገራትም። ሴትዮዋን ግን ከጥቂት ቀን በኋላ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘቻት። ሁልጊዜ አንገቷን አቅፋ የምትስማት ሴት፣ በዚያ ቀን በቃል ብቻ ሰላም ብላት አውቶቡሱ ሳይመጣ መንገዱን ተሻገረች።

መንዛሪዋ መብላት አለባትና አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አጠገብ ጠባብ ሱቅ ተከራይታ ገባች። ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ በኮምፒውተር ፎቶ አያይዝ ይባላል፤ ፎቶው ደግሞ ወይ ይከብዳል፣ ወይ ዓይነቱ አይፈቀድም ተብሎ ይመለሳል። ሰዎች ስልካቸውን ይዘው እየተበሳጩ ይመጣሉ፤ እሷ ትለውጥላቸዋለች፣ መርቀዋት ሳይሆን ተሯሩጠው ይሄዳሉ። የመጣላትን ዋና ፋይል ግን ባለቤቱ ቢለምናት እንኳ አታጠፋም። አጥፊልኝ የሚላት ሲመጣ ራስህ አጥፋው ብላ የኮምፒውተሯን ማውስ ወደ እሱ ትገፋለች። ሰዎች ነገረኛ ናት ይሏታል።

ሳቂታዋ የጋዜጣውን ቤት ሥራ በለቀቀች ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ፍራፍሬ በፌስታል ይዛ ቤታቸው መጣች። ወፍራለች፤ ሳቋ ግን ከስቶ ነበር። አባቷ ውስጥ ክፍል በሩን ገርበብ አድርጎ ራዲዮ ያዳምጣል። ሴትየዋ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ስታወራ ቆየችና ድንገት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሰምቼው ነበር» አለች። «ቃል በቃል። እንዲያውም ፍርድ ቤት ሲል አብሬው ስቄያለሁ። ኮንትራቴ የሚታደሰው በዚያው ሳምንት ነበር። ፊርማው የእሱ ነው።»

መንዛሪዋ «አውቃለሁ» አለች። ለስንት ዓመት ይህን ቃል ስትመኝ ኖራ፣ ሲመጣ እንደ ቀዘቀዘ ሻይ ሆነባት።

የራዲዮው ድምፅ ቆሞ ነበር። አባቷ በሩ ላይ ቆሟል። ሳቂታዋ ደንግጣ ተነሳች፤ እሱ በእጁ ተቀመጪ አላት።

«ይኼን ያኔ ተናግረሽ ቢሆን ልጄ ከሥራዋ አትወጣም ነበር» አላት። ሳቂታዋ ማልቀስ ጀመረች። «ፎቶው ግን ያኔም ጠፍቶ ነበር» አለ ቀጥሎ፤ ይህን ሲል ያየው እሷን አይደለም፣ ልጁን ነው። እንግዳዋን እግዜር ይስጥልን ብሎ አመስግኖ ፍራፍሬውን ወደ ማድቤት ይዞ ገባ። ሳቂታዋ ስትወጣ ጉንጯን ሰጠች፤ መንዛሪዋም ሳመቻት፣ ከአንጀት ሳይሆን ከአንገት።

አባትና ልጅ ዛሬም አብረው ይኖራሉ። ተጣልተዋል የሚላቸው የለም። ማለዳ ቁርስ አብረው ይበላሉ፣ መድኃኒቱን ታስታውሰዋለች፣ የታጠበ ሸሚዙን ታጥፍለታለች። ስለ ዋጋ ውድነት፣ ስለ ጎረቤት ሰርግ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ቀን ቀን ሱቋ መጥቶ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ደንበኞቿን በጨዋታ ያቆያል፣ ይወዱታል። እሷ አንዳንዴ ደንበኛ ያመጣውን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ከፍታ፣ ጥላው አልበዛም ወይ፣ ይኼን ገለጥ ላድርገው ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። ጥያቄው የምር አይደለም፤ መልሱን ታውቀዋለች። ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቧ እንዲቀመጥ ነው።

አባቷ ስክሪኑን አያይም። መንገዱን እያየ «አንቺ ታውቂያለሽ» ይላታል።